ከመሠረቱ ድንጋይ በፊት የመሬቱ ታሪክ ይጠየቅ

ቤት ለመሥራት የተነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው የቦታውን ስፋትና ዋጋ፣ ቀጥሎም ለመንገድና ለገበያ ያለውን ቅርበት ነው። የይዞታው ካርታ የተጣራ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ልቡ ያርፋል። ነገር ግን ካርታው የሚነግረን መሬቱ የማን እንደ ሆነ ነው እንጂ ከዚህ ቀደም ምን ሲሠራበት፣ ምን ሲደፋበትና ምን ሲቀበርበት እንደ ኖረ አይደለም። በዚህ ወር ልንጽፍ የወደድነው ካርታው ስለማይናገረው ስለዚህ ነገር ነው።

አስቀድመን የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ትምህርት ቤት የተመረጠ ቦታ ለጤና ተስማሚ መሆኑን መርምረን እንድናረጋግጥ ታዝዘን ሄድን። የመስኮቶቹን ስፋት፣ መጸዳጃ ቤቱ ከውሃው ጉድጓድ ያለውን ርቀት፣ የጎርፉን መውረጃ ሁሉ በሜትር ለክተን ፊርማችንን አኖርን። ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ከጉድጓዱ የሚቀዳው ውሃ ናፍታ ናፍታ ይሸት ጀመር። ነገሩን ለማጣራት በተመለስን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩ አንድ አዛውንት፣ «እዚህ እኮ የመኪና ጋራዥ ነበረ፤ የተቃጠለ ዘይት የሚደፋው፣ የናፍታው በርሜል የሚቀመጠው ልጆቹ አሁን ኳስ ከሚጫወቱበት ላይ ነው» አሉን። «ታዲያ ያን ጊዜ ስለ ምን አልነገሩንም?» ብንላቸው፣ «ማን ጠየቀኝ ልጄ?» ብለው መለሱልን።

በእውነቱ አልጠየቅናቸውም። ይህንኑ ጉዳይ በባሕር ማዶ ተምረን፣ ተፈትነንበትም ተመልሰን ሳለ አልጠየቅናቸውም።

በዚያ ትምህርት ቤት አስተማሪዎቻችን ደጋግመው ያነሡልን የነበረው ምሳሌ በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ስቴት፣ በናያግራ ፎልስ ከተማ የሚገኘው ላቭ ካናል የተባለው ሠፈር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ዊልያም ላቭ የተባለ ሰው ለኃይል ማመንጫ የሚሆን ቦይ ማስቆፈር ጀምሮ ሥራው ሳይፈጸም ቀረ። ከዚያም ሁከር የተባለው የኬሚካል ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ እስከ 1953 ድረስ ወደ 21 ሺህ ቶን የሚጠጋ የፋብሪካ ዝቃጭ በቦዩ ውስጥ ቀበረና በሸክላ አፈር ከደነው፤ በዚያው በ1953 ቦታውን ለከተማው የትምህርት ቦርድ በ1 ዶላር ሸጠው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ነገር አለ። በሽያጩ ውል ውስጥ ከመሬቱ ሥር የኬሚካል ዝቃጭ መቀበሩ ተጽፎ ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1955 በዚያው ቦታ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በዙሪያው ቤቶች ተሠሩ፤ መንገድና የፍሳሽ ቧንቧ ሲዘረጋም የሸክላው ክዳን ተበሳ። ከ20 ዓመት በኋላ የዝናቡና የበረዶው ውሃ ዝቃጩን እየገፋ ወደ ሰዎቹ ምድር ቤት ያስገባው ጀመር። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1978 የስቴቱ የጤና ኮሚሽነር ትምህርት ቤቱ እንዲዘጋ፣ ነፍሰ ጡሮችና ከ2 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትም ሠፈሩን ለቀው እንዲወጡ አሳሰበ። በኋላም በመቶ የሚቆጠሩ ቤተ ሰቦች ቤታቸውን ጥለው ወጡ። የተበከለ መሬት የሚጸዳበት ሱፐርፈንድ የተባለው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ከዚህ በኋላ ነው።

እንግዲህ በዚያ ወረቀቱ ያውቅ ነበር፤ ቁም ነገር ያደረገው ሰው ግን ታጣ። በእኛ አገር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሰዎቹ ያውቃሉ፤ ወረቀቱ አያውቅም። የሠፈሩ ሽማግሌ፣ የድሮው ዘበኛ፣ ልብስ ታጥብ የነበረችው እናት ሁሉን ያውቃሉ፤ እነርሱ ሲያልፉ ግን ዕውቀቱ አብሮ ይቀበራል። የሠፈር ስም እንኳ ብዙ ይናገራል፤ «ቄራ» ወይም «ቆሼ» የተባለ ቦታ ለሚሰማ ሰው ታሪኩን በስሙ ይዞታል።

ስለ ቆሼ ካነሣን ዘንድ፣ በአዲስ አበባ ረጲ አጠገብ ከ50 ዓመት በላይ ሲከመር የኖረው የቆሻሻ ተራራ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎችን ገድሏል። ብዙዎቹ በግርጌው ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ነበሩ። የመሬት ምርመራ ስንል ስለ መርዝ ብቻ አለመናገራችን ከዚህ ይታወቃል፤ ቁልቁለቱ፣ የተደለደለው አፈር፣ ከሥር የሚመነጨው ውሃ ሁሉ ይመረመራል። ዋልካ አፈርም በክረምት አብጦ በበጋ ሲሰነጠቅ ግድግዳውን ብቻ አይደለም የሚሰነጥቀው፤ የፍሳሹን ጉድጓድና የውሃውን ቧንቧም ይሰብራል። የሁለቱ ስብራት በተገናኘበት ቦታ ተቅማጡ ከየት መጣ ብለን ዝንብ ስናባርር እንከርማለን።

የተበከለ መሬት ሁሉ ሰውን ይጎዳል ማለታችን ግን አይደለም። መርዙ መኖሩ፣ ከመርዙ ወደ ሰው የሚያደርስ መንገድ መኖሩ፣ በመንገዱም መጨረሻ ላይ የሚቀበለው ሰው መኖሩ ሦስቱም ተያይዘው ሲገኙ ነው ጉዳት የሚደርሰው። ከዓይነ ምድር በእጅ ወደ አፍ ስለሚሄደው በሽታ በዚህ ጽሑፍ ዘወትር የምንናገረውን የሚያስታውስ አንባቢ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። የድሮ ባትሪ ሲሰበርበት የኖረ ግቢ በወፍራም ሲሚንቶ ተሸፍኖ የመኪና ማቆሚያ ቢሆን ጉዳቱ ትንሽ ነው። ያው ግቢ መዋዕለ ሕፃናት ቢሆን ግን ሕፃናቱ በአፈሩ ተጫውተው ጣታቸውን ወደ አፋቸው ይሰዳሉ፤ እርሳስ ደግሞ የሕፃንን አእምሮ የሚያደክም መርዝ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው መሬቱ ምን አለበት ተብሎ ብቻ ሳይሆን ለማን ሊሰጥ ነው ተብሎም ነው።

አንዳንድ ጊዜም ጥፋቱ የሰው ሳይሆን የምድሩ ነው። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚወጣው የከርሰ ምድር ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም የጤና ድርጅት ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር እንዳያልፍ ሲመክር፣ በወንጂ ስኳር እርሻ ለብዙ ዓመታት ከዚህ እጅግ የበለጠ የያዘ የጉድጓድ ውሃ ሲጠጡ የኖሩ ሠራተኞች ጥርሳቸው በልዟል፤ የአንዳንዶቹም ወገብና አንገት አልታጠፍ ብሏል። ውሃው የጠራ፣ ሽታም የሌለው ነበር።

«አገራችን ድሀ ናት፤ ይህን ሁሉ ምርመራ በምን ገንዘብ?» የሚሉ አሉ። ወንድሞቻችን የሚሉት ከእውነት የራቀ አይደለም፤ የላቦራቶሪው ዋጋ ይከብዳል። ነገር ግን የምርመራው የመጀመሪያ ክፍል የሚጠይቀው እግርና ጆሮ ብቻ ነው። ቦታውን በክረምት ዞሮ ማየት፣ ሣር የማይበቅልበትን፣ የሚሰምጠውን፣ ዘይት የሚያዣውን መመልከት፣ ያዘነበለ ዛፍና የተሰነጠቀ ቁልቁለት መፈለግ፣ ሦስት አራት ሽማግሌዎችን ማነጋገር ነው። የሚያጠራጥር ነገር ከተገኘ የሙከራ ጉድጓድ ይቆፈር፤ አፈሩና ውሃው ያን ጊዜ ወደ ላቦራቶሪ ይላክ። ቆፋሪዎች ግን ከወገብ በላይ የጠለቀ ጉድጓድ ደጋፊ ሳይደረግለት አይግቡበት፤ የሚሸት አፈርም ወደ አፍንጫ ተጠግቶ አይሸተት።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን አጥብቆ የሚጠይቀው ሥራው በአካባቢው ላይ ምን ያደርሳል ብሎ ነው። መሬቱስ በሚሠፍርበት ሰው ላይ ምን ያደርሳል? የሚለው ጥያቄ ለትንሹ ቦታ፣ ለመዋዕለ ሕፃናቱና ለቀበሌው ጤና ጣቢያ የሚያነሣው አጥቷል። እኛ የምንለው፣ ማናቸውም ቦታ ለመኖሪያና ለትምህርት ቤት ከመሰጠቱ በፊት የቀድሞ አገልግሎቱ በአንድ ገጽ ተጽፎ፣ የመሰከሩት የሠፈር ሰዎች ፈርመውበት ከካርታው ጋር ይያያዝ ነው። ቦታው በተሸጠ ቁጥርም ገጹ አብሮ ይተላለፍ። ይህ የቦታውን ዋጋ ይቀንሳል የሚል ሻጭ ቢኖር፣ የሚቀነሰው ዋጋ ድሮም ያልነበረ ዋጋ ነው።

የዚያ ትምህርት ቤት ጉድጓድ ታሽጓል። ልጆቹ አሁን ውሃ የሚጠጡት ከቦኖ እየተቀዳ ነው፤ አዛውንቱም ስንሄድ አሁንም ከአጥሩ ማዶ ሆነው ሰላምታ ይሰጡናል። በመስኩ አንድ ጥግ ሣር አልበቅል ያለበት ቦታ አለ፤ እሱን ገና አላስቆፈርነውም።