በሦስት ሲሊንደር የምትሄድ መኪና ስንት ታወጣለች?

ኮፈኑ ተከፍቷል። ሻጭ በአንድ በኩል፣ ገዢ በሌላ በኩል፣ ደላላው መሀል ቆመዋል። አሮጌዋ ዲኤክስ ተነስታለች፤ ነገር ግን ሚኒሞ ላይ ትንቀጠቀጣለች፤ የጭስ ማውጫዋም ድምፅ ይቆራረጣል። «ካንዴላ ነው፤ ነገ ቀይረህ ትነዳታለህ» ይላል ደላላው። ገዢው ያስከተለው መካኒክ ደግሞ ራሱን ነቅንቆ «ይቺማ ሞተሯ ሊወርድ ነው» ይላል። ሁለቱም አንዲት ብሎን አልፈቱም። የመኪናዋ ዋጋ ግን በእነዚሁ ሁለት አባባሎች መካከል ይቆረጣል።

ካንዴላ መቀየርና ሞተር ማውረድ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። አንዱ ከኪስ፣ ሌላው ከባንክ የሚወጣ ነው። ገዢው ሁለቱን መለየት ካልቻለ የሚከፍለው አማካዩን ነው፤ ማለትም ለጤነኛዋ መኪና አሳንሶ፣ ለታመመችው አብዝቶ። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው፣ በ2001 ለኖቤል ሽልማት ያበቃው ጽሑፍም የሚያስረዳው ይህንኑ ነው። አሜሪካውያን ጉዷ ከተገዛች በኋላ የሚወጣን መኪና «ሎሚ» ይሏታል። ሎሚዋ ከደህናዋ በማትለይበት ገበያ የደህናዋ ባለቤት በአማካይ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይወጣል፤ ገበያው ለሎሚዎቹ ይቀራል። ጽሑፉን ሳያነቡ ትምህርቱን በገንዘባቸው የተማሩ የአዲስ አበባ ገዢዎች ጥቂት አይደሉም።

ጉዳዩ አሁን አሁን የበለጠ ይከብዳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው የሚከብድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በከተማው ያለችው አሮጌ የቤንዚን መኪና ከእጅ ወደ እጅ መዞሯ አይቀርም፤ በዞረች ቁጥርም ያው ሙግት ይነሳል።

ሙግቱን ለመፍታት ጋራዥ መሄድ የግድ አይደለም። በግቢ ውስጥ በካቻቢቴ፣ በካንዴላ ቁልፍና በግማሽ ሰዓት ትዕግሥት አብዛኛው ይለያል። ሞተሩ ጠፍቶ የአንዱ ሲሊንደር የካንዴላ ገመድ ይነቀላል፤ ጫፉ ላይ ትርፍ ካንዴላ ተሰክቶ ከሞተሩ ብረት ጋር ይታሰራል፤ ከዚያ ሞተሩ ይነሳል። ሞተሩ እየሠራ ገመዱን በባዶ እጁ የሚነቅል መካኒክ አይጠፋም፤ በገመዱ የሚያልፈው ግን ከ10 ሺህ ቮልት የሚበልጥ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ጀብዱውን ለእሱ መተው ነው። ሙከራው በየተራ ለአራቱም ይደረጋል። ጤነኛው ሲሊንደር ሲቋረጥ ሞተሩ ወዲያው ይደክማል። ያመመው ሲቋረጥ ግን ለውጥ የለም፤ ቀድሞም አይሠራም ነበርና።

ሥራ ፈቱ ከታወቀ በኋላ ካንዴላው ከጎረቤቱ ካንዴላ ጋር ይቀያየራል። ሕመሙ አብሮ ከተዛወረ ደላላው እውነቱን ነው። ካልተዛወረ ገመዱ ይሞከራል፤ የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ስንጥቅ እንዳለው ይታያል። ማታ በጨለማ ኮፈኑን ከፍቶ ማየት ኤሌክትሪክ የሚያፈስን ገመድ በሰማያዊ ብልጭታው ያጋልጣል። ሚኒሞ ላይ እየተንቀጠቀጠች ነዳጅ ሲሰጣት የምትስተካከል ከሆነ ደግሞ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ወይም ከካርቡራተሩ ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። እስከዚህ ያለው ሁሉ ርካሽ ነው።

ብልጭታው ደህና ሆኖ ሲሊንደሩ ካልሠራ ግን ነገሩ ይከብዳል። ያኔ የኮምፕሬሽን መለኪያ መዋስ ያስፈልጋል። ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ የኮይሉ ገመድ ተነቅሎ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ ሞተሩ በሞተሪኖ ይዞራል። ደካማው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና ሲለካ ግፊቱ ከፍ ካለ ጥፋቱ የፋሻ ነው፤ ካላለ የቫልቭ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከደከሙ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ይሆናል። መካኒኩ ያሸነፈ ይመስላል። ሆኖም ለቫልቭና ለጓርኒሲዮን የሚነሳው ቴስታታው ነው እንጂ ሞተሩ በሙሉ አይወርድም፤ ይህን ልዩነት ለባለንብረቱ መንገር የሚረሳ ጋራዥ አለ።

አዲስ አበባ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው። መለኪያው ከፋብሪካው መጽሐፍ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ያነሰ ቢያሳይ ሞተሩ አልቋል ማለት አይደለም፤ መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ለቆላ አየር የተስተካከለ ካርቡራተርም እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ደረቅ ጥቀርሻ ይለብሳል። ይህን አሳይቶ «ዘይት ትበላለች» እያለ ዋጋ የሚያስቀንስ ገዢ አለ። ዘይት የሚበላ ሞተር ካንዴላ ግን እርጥብ ነው።

እንግዲህ ፍተሻው መደረግ ያለበት በሻጩ ግቢ፣ መኪናዋ ገበያ ከመውጣቷ በፊት ነው። ብዙ ሻጭ «ደላላው ይጨርሰዋል» ብሎ ይተወዋል። ደላላው ከመቶ ሁለት ያገኛል እንበል፤ የ50 ሺህ ብር ቅናሽ ለሻጩ 50 ሺህ፣ ለደላላው ግን 1 ሺህ ብር ብቻ ነው። ደላላው ለዚች 1 ሺህ ብር ሲል ከመካኒክ ጋር ሲሟገት አይውልም፤ ሥራው ማገበያየት ነውና አይፈረድበትም።

ገዢም የራሱ ድርሻ አለው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የሚታይ መቆራረጥ ሲሞቅ ሊጠፋ ይችላል። በጠዋት ቀጠሮ ሄዶ ኮፈኑን ሲዳስሰው ሞቆ ካገኘው መኪናዋ ቀድሞ ተነስታለች፤ እንዲያ ከሆነ ዋጋ ሳይጠራ ቀጠሮውን ለነገ ማለዳ ያዛውረው።