ፓወርላይን ከመግዛታችሁ በፊት ላጉ የት እንደሆነ እወቁ

በኛ ጌመሮች ዘንድ «ላግ አደረገኝ» የሚያህል የተለመደ የሽንፈት ምክንያት የለም። አንዳንዴ እውነት ነው፣ አንዳንዴ ሰበብ ነው። ለእውነተኛው ላግ መድኃኒት ተብሎ ከሚነሱት ዕቃዎች አንዱ ፓወርላይን አዳፕተር ነው። ዋጫ ወይም ቦንጋ ሆናችሁ ከአዲስ አበባ ልታስመጡት ካሰባችሁ፣ ብሩን ከመላካችሁ በፊት ይህችን አንብቡ።

ዕቃው ጥንድ ነው። አንዱን ራውተሩ አጠገብ ያለ ሶኬት ላይ ትሰኩና በላን ኬብል ከራውተሩ ጋር ታገናኙታላችሁ። ሌላውን እናንተ የምትጫወቱበት ክፍል ትሰኩታላችሁ። ዳታው በቤቱ የመብራት ሽቦ ውስጥ ያልፋል። መብራቱ በ50 ኸርዝ ሲሄድ ዳታው ከ2 ሜጋኸርዝ በላይ ስለሚሄድ አንዱ ሌላውን አይነካም። ከዚያ በላን ኬብል ወደ ኮምፒውተር ወይም ፕሌይስቴሽን ትወስዱታላችሁ። ብዙ አንድሮይድ ስልኮችም በዩኤስቢ ሲ ላን መቀየሪያ ይቀበሉታል።

ኢኮኖሚክስ ስንማር የገባኝ አንድ ነገር አለ፦ ውኃ የሚወርደው በቱቦው ጠባብ ቦታ ልክ ነው። ሰፊውን ቦታ ይበልጥ ብታሰፉት ገንዘብ ጨረሳችሁ እንጂ ውኃ አልጨመራችሁም። ፓወርላይን የሚያሰፋው ከራውተሩ እስከ ክፍላችሁ ያለችውን አጭር መንገድ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ያለውን አይነካም።

ውጭ ያለው ደግሞ ረጅም ነው። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በአንድ ሚሊሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የጌሙ ሰርቨር ዱባይ አካባቢ ከሆነ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልስ ቢያንስ 25 ሚሊሰከንድ። ጀርመን ከሆነ ከ50 በላይ ነው። የባህር በር ስለሌለን መስመሩ በጎረቤት አገር ዞሮ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ በተግባር ከዚህም ይበልጣል። ይህን የሚያሳጥር አዳፕተር የለም።

መፍትሔው ነፃ የሆነ ፈተና ነው። ማታ፣ ሁሉም ሰው ኔት ላይ በሚሆንበት ሰዓት፣ ስልካችሁን ይዛችሁ ራውተሩ ሥር ቁጭ በሉና ሁለት ሦስት ጌም ተጫወቱ። ፒንጉን ጻፉት። ከዚያ ክፍላችሁ ገብታችሁ ድገሙት። ራውተሩ ሥር ጥሩ፣ ክፍላችሁ ውስጥ ግን የሚዘል ከሆነ ችግሩ ዋይፋዩ ነው፤ ፓወርላይን ይጠቅማችኋል። ሁለቱም ቦታ ያው ቀይ ከሆነ ግን ብራችሁን ያዙ። በሞባይል ዳታ ብቻ የምትጫወቱማ ከሆነ ነገሩ ከመጀመሪያውም አይመለከታችሁም።

ፈተናውን ቢያልፍም መጀመሪያ ተራውን ላን ኬብል አስቡ። እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፣ ይረክሳል፣ ከፓወርላይንም ይሻላል። በኮርኒስ አሳልፋችሁ መጨረስ ነው። ፓወርላይን የሚያዋጣው አከራይ «ግድግዳዬን እንዳትበሱ» ሲል፣ ወይም ራውተሩ ዋናው ቤት ሆኖ እናንተ ሰርቪስ ክፍል ስትሆኑ ነው። ያኔም ሁለቱ ቤቶች በአንድ ቆጣሪ ሥር ቢሆኑ ይመረጣል፤ ቆጣሪው ከተለያየ አትተማመኑበት።

ገዛችሁ እንበል። ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት በቀጥታ ሰኩት። በማከፋፈያ ወይም በስታቢላይዘር በኩል ከሆነ ሲግናሉ ይዳከማል። ርካሽ ቻርጀርና የፍሪጅ ሞተርም ይረብሹታል። ካርቶኑ ላይ 1000 ወይም 2000 የሚል ቁጥር አይታችሁ አትጓጉ፤ እጃችሁ የሚገባው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። በተለይ የምድር ሽቦ በሌለው ቤት፣ አዲሶቹ ሞዴሎች ፍጥነት የሚጨምሩበትን ሦስተኛ ሽቦ አያገኙም። የግቢ ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ማጣመሪያውን ቁልፍ ተጫኑ፤ ከፋብሪካ በመጣበት የይለፍ ቃል ከተዋችሁት ተመሳሳይ ዕቃ ያለው ጎረቤት ሊገባበት ይችላል።

አንድ ለካፋ የተለየ ነገር፦ እዚህ ዝናቡ ብዙ ነው፣ መብረቁም አለ። ግድግዳ ላይ በቀጥታ የተሰካ ዕቃ መከላከያ የለውም። ሲያጉረመርም ንቀሉት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አዳፕተሩም ራውተሩም አብረው ይተኛሉ፤ የሚቀራችሁ የስልክ ባትሪና የሞባይል ዳታ ነው።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ጥፋቱ የዕቃው አይደለም፤ እኛ ኢንተርኔት የምንገዛው በሜጋቢት ብቻ ተነግሮን ነው። ለጌመር፣ በቪዲዮ ለሚማርም፣ ከውጭ ቀጣሪ ጋር በኦንላይን ቃለ መጠይቅ ለሚያደርግም ልጅ ዋናው መዘግየቱ ነው። ኩባንያዎቹ በየከተማው የማታ ፒንግ ስንት እንደሆነ ለሕዝብ ቢያሳውቁ የዋጫ ልጅ ያጠራቀመውን ብር የቱ ጋ ማዋል እንዳለበት ያውቃል። እስከዚያው ግን መለኪያው እጃችን ላይ ነው፤ ለክተን እንግዛ፣ ለክተንም እንጠይቅ።