የስምጥ ሸለቆን ውኃ የሚመረምር ቺፕ፦ ከገዥነት ወደ ነዳፊነት

ከአዳማ በመቂና በባቱ በኩል ወደ ደቡብ በሚዘልቀው የስምጥ ሸለቆ፣ በርካታ የከርሰ ምድር ውኃ ጉድጓዶች የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ጣሪያ በላይ ፍሎራይድ ይዘው ይገኛሉ። ፍሎራይድ ቀለምም ጣዕምም የለውም። ጉዳቱ የሚገለጠው ዘግይቶ፣ በሕፃናት ጥርስ መበለዝና በአዋቂዎች አጥንት መጉበጥ ነው። በወንጂ አካባቢ ችግሩ ከታወቀ አሥርተ ዓመታት ተቆጥረዋል።

ችግሩን ለማቃለል የአጥንት ከሰልን የመሳሰሉ ማጣሪያዎች በአካባቢው ጥቅም ላይ ውለዋል። ይሁንና ማጣሪያው ፍሎራይድ የመያዝ አቅሙ ቀስ በቀስ ይሟጠጣል፤ ውኃው ግን እንደቀድሞው ጥርት ብሎ ይወርዳል። ናሙናው ላቦራቶሪ ደርሶ ውጤቱ እስኪመለስ ድረስ ነዋሪው የሚጠጣውን አያውቅም። በመሆኑም መጠኑን በቦታው ለክቶ ለውኃ ጽሕፈት ቤቱ የሚያሳውቅ ብልህ ሴንሰር አስፈላጊነቱ አያጠያይቅም።

ብልህ ሴንሰር ከተራ መለኪያ የሚለየው የተፈጥሮን ምልክት ወደ ኤሌክትሪክ ከሚቀይረው ክፍል ጋር ማጉያውን፣ አናሎግ ምልክትን ወደ ዲጂታል የሚለውጠውን ሰርኪዩትና የስሌት ክፍሉን አጣምሮ በመያዙ ነው። እነዚህን በአንዲት የሴሚኮንዳክተር ቅንጣት ላይ የማዋሃዱ ጥበብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958 አሜሪካዊው ጃክ ኪልቢ የመጀመሪያውን የተቀናጀ ሰርኪዩት ባሳየበት ወቅት ነበር።

የንድፉን ክብደት ለመረዳት የፍሎራይድ ኤሌክትሮድን አሠራር መመልከት ይበቃል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የፍሎራይድ መጠን አሥር እጥፍ ሲለወጥ የኤሌክትሮዱ ቮልቴጅ የሚለወጠው በ59 ሚሊ ቮልት ገደማ ነው። ውኃው ከ1.5 ወደ 3 ሚሊ ግራም በሊትር ሲሸጋገር ልዩነቱ 18 ሚሊ ቮልት አይሞላም። በመሆኑም ሰርኪዩቱ ከኤሌክትሮዱ ጅረት ሳይስብ ቮልቴጁን ብቻ ማንበብ፣ የሙቀት ለውጥን ማካካስና በአነስተኛ ባትሪ ለረጅም ጊዜ መሥራት ይጠበቅበታል።

ቺፕ ብቻውን ግን መፍትሔ አይሆንም። ናሙናው አሲዳማነቱን የሚያስተካክልና ፍሎራይድን ከአልሙኒየም የሚያላቅቅ ውህድ ያስፈልገዋል። መሣሪያውም መጠኑ አስቀድሞ በታወቀ ውህድ በየጊዜው ሊፈተሽ ይገባል። ይህን የሚሠራ የሰለጠነ ባለሙያ በየወረዳው ከሌለ እጅግ የተራቀቀው ሴንሰርም የተሳሳተ ቁጥር ከማስተላለፍ አይድንም።

ቺፕ የሚያመርት ፋብሪካ ማቋቋም በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። ንድፍ ግን በዋነኛነት የሚሻው የሠለጠነ አእምሮ፣ ሶፍትዌርና የአምራቹን የንድፍ ደንቦች ነው። የበርካታ ነዳፊዎችን ሥራ በአንድ የሲሊከን ሰሌዳ ላይ በማሳተም ወጪን የመጋራት አሠራርም የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ጎግልና ስካይዎተር የ130 ናኖ ሜትር ቴክኖሎጂ የንድፍ ደንቦችን ለሁሉም ክፍት አድርገዋል፤ የጀርመኑ አይኤችፒ ተቋምም ተመሳሳይ መንገድ ተከትሏል። በሌላ በኩል የነዳፊዎችን ሥራ እያሰባሰበ ለምርት ያደርስ የነበረው ኢፋብለስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራ ማቆሙ በአንድ በር ላይ ብቻ መተማመን እንደማያዋጣ አሳይቷል።

በናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅነት የተጀመረው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪካል ምህንድስናና የኮምፒዩቲንግ ትምህርት ቤት አለው። ችግሩና ሙያው በአንድ አካባቢ መገኘታቸው መልካም አጋጣሚ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ንድፍ ለአንድ ተግባር ብቻ ከዋለ ወጪውን አይመልስም። በመሆኑም ያው የንባብ ሰርኪዩት የአሲዳማነትና የናይትሬት ኤሌክትሮዶችንም እንዲያነብ ተደርጎ ቢነደፍ የመቂና የባቱ የመስኖ እርሻዎችንም ሊያገለግል ይችላል።

ከዚህ አኳያ የመንግሥት ተቋማት ድርሻ በግዥ ሰነድ ይጀምራል። መለኪያ ሲገዛ የልኬት ማስተካከያው ዘዴ ለገዥው ክፍት እንዲሆን፣ መረጃው በአቅራቢው ብቻ በሚነበብ ቋንቋ እንዳይታሰር በጨረታው መስፈርት ውስጥ ሊካተት ይገባል። ዩኒቨርሲቲዎችም በገበያ ላይ ባሉ ዕቃዎች የተገጣጠመ ናሙና በጉድጓዶች ላይ ፈትነው ውጤቱን ከላቦራቶሪ ጋር ካመሳከሩ በኋላ ወደ ቺፕ ንድፍ ቢሸጋገሩ ገንዘብም ጊዜም ይቆጠባል። የሥራው ስኬት የሚመዘነውም በተነደፉት ቺፖች ብዛት ሳይሆን ማጣሪያው በተሟጠጠበት ቀን የውኃ ጽሕፈት ቤቱ አውቆ በመቀየሩ ነው።