ትሉን ማን ጋበዘው?

«መጤ» የሚለው ቃል እኛ አገር ሰው ላይ ሲወረወር እየሰማሁ ስላደግሁ ነው መሰለኝ፣ ስለ አውሮፓ ባሕር ትሎች ሳነብ ሁሌ ዓይኔን ይወጋኛል። መጤ ትል! ወራሪ ትል! ድንበር ጥሶ፣ ኬላ ሰብሮ የገባ ነው የሚመስለው።

እስቲ ማሬንዜሌሪያ የሚባለውን እንይ። ከዝርያዎቹ ዋነኞቹ የሰሜን አሜሪካ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 ባልቲክ ባሕር ላይ፣ ጀርመን ዳርቻ ተገኘ፤ ብዙም ሳይቆይ ፊንላንድ ደረሰ። አትላንቲክን ዋኝቶ እንዳልተሻገረ ግልጽ ነው። ጭነቷን ያራገፈች መርከብ ማዕበል እንዳያንገዳግዳት ሆዷን በባሕር ውኃ ትሞላለች። በዓይን የማይታይ የትል እጭም አብሮ ይገባል። ሌላ ወደብ ደርሳ ዕቃ ስትጭን ውኃውን ትደፋዋለች፤ እንግዳውም ይወርዳል። ቪዛ የለ፣ ፈታሽ የለ።

ጉዳት የለውም አልልም። ፊኮፖማተስ የተባለው ሌላው ትል እ.ኤ.አ. በ1923 ስም ሲወጣለት «እንቆቅልሹ» ነው የተባለው፤ የኖራ ቱቦ እየሠራ የውኃ ቧንቧ ይደፍናል፣ የጀልባ ሆድ ይለብጣል። ማሬንዜሌሪያ ግን ነገሩን ያወሳስበዋል። ከአገሬው ትሎች ጠልቆ ስለሚቆፍር ለታፈነው የባልቲክ ጭቃ አየር ያስገባል፤ አልጌ የሚያፋፋው ፎስፈረስ እዚያው እንዲቀር ሊያግዝ እንደሚችል ተመራማሪዎች ጽፈዋል። በዚያው ቁፋሮው ደግሞ ለዓመታት የተዳፈነ መርዛማ ኬሚካል ሊያወጣ ይችላል። (ኬሚካሉን እዚያ የጣለው ግን ትሉ አይደለም።)

እኔን የሚያበሳጨኝ የሰዎቹ ዝግታ ነው። መርከቦች ውኃቸውን አክመው እንዲደፉ የሚያስገድደው ዓለም አቀፍ ስምምነት የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው በመስከረም 2017። አሥራ ሦስት ዓመት! ከዓለም የንግድ መርከብ አቅም 35 በመቶውን የያዙ 30 አገሮች እስኪፈርሙ ተጠበቀ። እጭ ፊርማ አይጠብቅም።

ደግሞ ስምምነቱ የማይነካው ሌላ በር አለ፤ የዓሣ አጥማጆች ገበያ። መንጠቆ ላይ የሚሰካ ትል ከነሕይወቱ ከእስያና ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ ይገባል፤ የአሜሪካው በባሕር አረም ተጠቅልሎ፣ አረሙ ውስጥ የተደበቁ ሌሎች ነፍሳትንም ይዞ። የተረፈውን ባሕር ውስጥ ደፍቶ ወደ ቤት መሄድ እንግዲህ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ማሸጊያ ላይ «የተረፈውን ባሕር ውስጥ አትድፉ» ብሎ መጻፍ ለነጋዴው ስንት ሳንቲም ያስወጣዋል?