የማን ድምፅ ነው?

በሕንድ ፊልም መሳቅ የሚቀናን አለን። ቆይ እንጂ! ተዋናይቷ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ጉሮሮው ግን የሌላ ሰው ነው። ላታ መንጌሽካር ለስንቷ ተዋናይት ድምፅ ሆነች! የፊልምፌር ሽልማት ለዜማ ደራሲ እንጂ ለድምፃዊ አልነበረም። በ1957 እ.ኤ.አ. የተሸለመውን ዜማ በበዓሉ ላይ ዝፈኚ ሲሏት «አልዘፍንም» አለች። በ1959 ለድምፃዊም ሽልማት ተጀመረ፤ የመጀመሪያዋ ተሸላሚ ራሷ ሆነች።

እኛስ? ከሾላ ገበያ እስከ እንጦጦ ዳገት በየታክሲው ዘፈን እንሰማለን። ግጥሙን ማን ጻፈው? ተቀባዮቹስ እነማን ናቸው? የሚነግረን የለም፤ እኛም አንጠይቅም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አዋጅ ግን ብቻውን አፍ አያወጣም።

ላታ በ2022 እ.ኤ.አ. አረፈች። እምቢታዋን እንኳ እንውረስ፦ «የማን ነው?» ሳንል አናጨብጭብ!