መገንጠል፣ መለየትና የራያ ቆላ ጥያቄ

ከፖለቲካ ቃላት መካከል «መገንጠል»ን ያህል እንደ ዘለፋ የተወረወረ፣ ትርጉሙም ሳይመረመር የቀረ ቃል ጥቂት ነው። ቅርንጫፍ ከግንዱ ሲለይ ተገነጠለ ይባላል። በፖለቲካ ግን መገንጠል ማለት አንድ ሕዝብ ከነበረበት መንግሥት ወጥቶ የራሱን መንግሥት ማቋቋሙ ነው። ወረዳ ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው ይካለል ማለት መገንጠል አይደለም። ይህን ለይቶ ያላወቀ የራያ ቆላን ጉዳይ ከሥሩ ሊረዳ አይችልም።

በሃይማኖትም ረገድ ነገሩ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በትምህርት መለያየት ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚሁ ወሎ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠርተው የሦስት ልደትን ትምህርት አስወገዙ፤ የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዙ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ሲባሉ፣ ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር ዐመፁን መረጡ። በአዋጅ የተፈለገው አንድነት ዐመፅን ወለደ። ሁለተኛው የአስተዳደር መለየት ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በ1951 ዓ.ም. የራሷን ፓትርያርክ ስታገኝ ከእስክንድርያ ጋር ያላትን እምነት አልለወጠችም። በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ መካከል የትግራይ አባቶች የራሳቸውን መንበር ማቆማቸውን ሲያስታውቁም ጠቡ ስለ ልደት ትምህርት አልነበረም።

ሌኒን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1914 የመገንጠልን መብት ከፍቺ መብት ጋር አነጻጽሮታል፤ ፍቺን የፈቀደ ሕግ ባልና ሚስት ሁሉ ይፋቱ አላለም። ተጨባጭ ምሳሌው በ1905 ያለ ጦርነት ከስዊድን የተለየችው ኖርዌይ ነበረች። በአገራችን የ1968ቱ የብሔራዊ ዲሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ለብሔረሰቦች የውስጥ አስተዳደርን ብቻ ፈቀደ። ሆኖም ኤርትራ ከሠላሳ ዓመት ጦርነት በኋላ በ1985 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ነጻ አገር ሆነች። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ደግሞ መብቱን ከነሥርዓቱ ደነገገ።

ለመሆኑ ራያ ከዚህ ውስጥ የት ነው? በ1935 ዓ.ም. የትግራይ ገበሬ ሲያምፅ ራያም አብሮ ተነሣ፤ ዐመፁም በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ድብደባ ጭምር ተደመሰሰ። ገበሬውን ያስነሣው የግብርና የሹማምንት በደል እንጂ አዲስ መንግሥት የማቆም ሐሳብ አልነበረም። እስከ ደርግ መጨረሻ ቆቦም አላማጣም በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበሩ። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በተዘረጋው የክልል አወቃቀር ግን ቆቦ ለአማራ፣ አላማጣ ለትግራይ ተደለደሉ። በአንድ ሜዳ ማሽላ የሚዘራው፣ በአማርኛም በትግርኛም የሚገበያየው ሕዝብ ሕዝበ ውሳኔ አልተጠየቀም። አልተገነጠለም፤ ተገመሰ እንጂ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ቆቦ ላይ ሲቪሎች በትግራይ ተዋጊዎች ተገደሉ። በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ በአላማጣና በአካባቢዋ በተካሄደ ግጭት፣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አኃዝ፣ 50,000 የሚደርስ ሰው ተፈናቀለ።

ስለዚህ የራያን ጥያቄ ያነሣውን ሁሉ፣ ከየትኛውም ወገን ቢሆን፣ «ገንጣይ» ማለት ስሕተት ነው እንላለን። የሚመለከተው አንቀጽ 39 ሳይሆን 48 ነው። ክልሎች በስምምነት ካልፈቱት የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝቡን አሰፋፈርና ፍላጎት መሠረት አድርጎ፣ ጉዳዩ በቀረበለት በ2 ዓመት ውስጥ ይወስናል። የ2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነትም ጉዳዩን ለሕገ መንግሥቱ መርቶታል። ፍላጎት የሚጠየቀው ግን ሰው በቤቱ ሲገኝ ነው፤ ስለዚህ ቆጠራው ሳይጀመር ተፈናቃዩ ወደ ቀዬው ይመለስ፣ የሁለቱም ወገን ታጣቂ ከገበያና ከመንደር ይውጣ።