ቁጥሩ ደኅና ነው ብላችሁ አታሰናብቷቸው

በዋሽንግተንና በቨርጂኒያ ዙሪያ ልብ የምትመረምሩ የሙያ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ብዙዎቻችሁ በዕድሜም በሥራም አቻዎቼ ናችሁ፤ ስለዚህ ቃል አላለዝብም። የምናክማቸውን ሰዎች በአንድ ቁጥር እያሰናበትናቸው ነው።

ከኤል ሳልቫዶርና ከቦሊቪያ የመጡ ሰዎች በየሳምንቱ በራችንን ያንኳኳሉ። በሰሜን ቨርጂኒያ ካሉት ቦሊቪያውያን ብዙዎቹ የኮቻባምባ ተወላጆች ናቸው፤ ያ ሸለቆ ደግሞ የቻጋስ በሽታ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ሰውየው ስለ ደም ግፊቱ ሲያወራን፣ በልጅነቱ ግድግዳው በተሰነጠቀ የጭቃ ቤት አድሮ እንደሆነ ማን ጠየቀው? አብዛኞቻችን ቻጋስን የምናውቀው ለፈተና በሸመደድነው አንድ ገጽ ነው።

ካርሎስ ቻጋስ እ.ኤ.አ. በ1909 በብራዚል፣ ላሳንስ በተባለች ትንሽ ከተማ የደረሰበት የዚህ በሽታ ጥገኛ ተሕዋስ አገር ቤት ከብት የሚፈጅብን የገንዲ ዘመድ ነው። ገንዲን የቆላ ዝንብ ታመጣዋለች፤ ይህን የሚያመጣው ግን ቦሊቪያውያን ቪንቹካ የሚሉት ትልቅ ትኋን መሰል ነፍሳት ነው። ሌሊት ከስንጥቁ ወጥቶ ደም ይመጥጣል፣ እዚያው ይጸዳዳል፤ የተኛው ሰው ሲያክ ተሕዋሱ በተጫረው ቆዳ ወይም በዓይን ይገባል። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ሃያና ሠላሳ ዓመት ዝም ይላል። ከተያዙት ከአሥሩ በሁለቱ ወይም በሦስቱ ላይ ግን ልብን ይጎዳል።

እኛ ደግሞ ኢኮ አንሥተን፣ ኢጀክሽን ፍራክሽን 60 በመቶ የሚል ስናነብ «ልብዎ ደኅና ነው» ብለን እንሸኛለን። ክርክሬ እዚህ ላይ ነው። ይህ ቁጥር የግራው የታችኛው የልብ ክፍል በአንድ ምት ምን ያህሉን ደም እንደሚገፋ በጥቅሉ ይነግረናል እንጂ የትኛው ጥግ እንደደከመ አያወራም። ከተጠመዱት በሬዎች አንዱ ሲደክም ሌላው ይጎትታል፤ ትልሙን ብቻ የሚያይ ሰው ድካሙን አያውቅም። ቻጋስ ደግሞ ልብን እኩል አያጠቃም። አስቀድሞ የሚይዘው የልብን ጫፍና ከኋላ በስተታች ያለውን ግድግዳ ነው። ጫፉ ሳስቶ ወደ ውጭ ያብጣል፣ ደም ይረጋበታል፤ የረጋው ደም አንድ ቀን ወደ አንጎል ይሄዳል። በመጀመሪያ ምልክቱ ስትሮክ ሆኖ የሚመጣ ሕመምተኛ አለ፤ ኢጀክሽን ፍራክሽኑም ያን ያህል ያልወረደ።

ያንን ጫፍ ደግሞ ራሳችን እንደብቀዋለን። ፕሮቡ ከሚገባው አንድ የጎድን አጥንት ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ምስሉ ልብን ያሳጥራል፤ እውነተኛው ጫፍ ከምስሉ ውጭ ይቀራል። ይባስ ብሎ ያጠረው ምስል ያማረ ነው፤ ጫፍ መስሎ የሚታየው ግድግዳ ወፍራም፣ አጥብቆ የሚኮማተር ይሆናል። እንዲህ ያለ ምስል ላይ «ጤነኛ» ብሎ መፈረም ምንም አይከብድም። ሕመምተኛውን በግራ ጎኑ በደንብ አጋድሙት፣ ፕሮቡን ዝቅ አድርጉት፣ ጫፉ አሁንም ካልጠራ የንጽጽር መድኃኒት ስጡ። ጊዜ የለንም ትሉኛላችሁ። ስትሮክ የመታው ሰው አልጋ ይዞ ሲተኛ የሚወስደውን ጊዜ ግን ታውቁታላችሁ።

ስትሬይን የሚባለውን ልኬትም ልመዱት። ማሽኑ በጡንቻው ምስል ላይ ያሉትን ግራጫ ነጠብጣቦች ከምስል ወደ ምስል እየተከተለ ጡንቻው በቁመቱ ስንት በመቶ እንዳጠረ ያሰላል፤ በጤነኛ ልብ 20 በመቶ ገደማ ነው። ኢጀክሽን ፍራክሽናቸው ባልወረደ የቻጋስ ሕመምተኞች ላይ በአንዳንድ የግድግዳ ክፍሎች ይህ ልኬት ቀንሶ የተገኘባቸው ጥናቶች አሉ፤ ልዩነት ያላገኙም አሉ። ስለዚህ ጣዖት አታድርጉት። የአንዱ ፋብሪካ ማሽን ከሌላው ጋር አይገጥምም፤ ደም ግፊትና ስኳርም ያወርዱታል። የዘንድሮውን ከአምናው ጋር ስታነጻጽሩ በአንድ ዓይነት ማሽን ይሁን። ተሕዋሱ መኖሩን የሚያረጋግጠው ደም ነው፤ እሱም በሁለት የተለያዩ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራዎች።

ይህን ሁሉ የምቸኩልበት ምክንያት አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ቤኔፊት የተባለው ጥናት ልባቸው ቀድሞ የተጎዳ 2,854 ሰዎችን፣ ከቦሊቪያና ከኤል ሳልቫዶር ጭምር፣ ለአምስት ዓመት ያህል ተከታትሏል። ቤንዝኒዳዞል ተሕዋሱን ከደማቸው ቀነሰ፤ የልባቸውን መባባስ ግን ጎልቶ በሚታይ መጠን አላስቆመም። ከኛ ብዙዎቹ ይህን ሲያነቡ «እንግዲያስ መድኃኒቱ ምን ያደርጋል?» ብለው ጉዳዩን ዘጉት። እኔ የማነበው ሌላ ነው፦ ጠባሳ ከሆነ በኋላ ደረስን። ጥናቱ ገና ልባቸው ያልተነካውን አልመለከተም፤ እነዚህን ፈልገን ማግኘት ያለብን እኛ ነን። ኢሲጂው ላይ የቀኝ ቅርንጫፍ መዘጋት ከግራ የፊት ቅርንጫፍ መዘጋት ጋር ተጣምሮ ካያችሁማ የዕድሜ ነገር ነው ብላችሁ አትለፉት።

ደሟ ላይ ተሕዋሱ የተገኘባት ሴት፣ ልጆች ካሏት፣ እዚሁ አሜሪካ ቢወለዱም ይመርመሩ፤ በሽታው ከእናት ወደ ፅንስ ይተላለፋልና። ገና ያልወለደች ከሆነች ሕክምናው ከመፀነሷ በፊት ይሁን፤ በእርግዝና ጊዜ ቤንዝኒዳዞል አይሰጥም። በመጠይቃችሁ ላይ የትውልድ አገር የሚል መስመር አለ፤ እናትዎ የት ተወለዱ የሚል ከሥሩ ጨምሩበት።